«ቤቱን» እና «ቤቴን»፦ ድሬዳዋ ላይ ዓይኔን የታከምሁበት ታሪክ

ሐረር ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ የሰው አቤቱታ መጻፍ ከጀመርሁ 27 ዓመት ሆነኝ። በዕድሜ የገፉት ባለጉዳዮች ዛሬም «ራፖር ጸሐፊ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ሥራው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው ባለጉዳዩ የሆዱን አራግፎ እስኪጨርስ ድረስ የሚያዳምጥ ጆሮ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ፊደል እንኳ ያለቦታዋ እንዳትገባ የሚጠብቅ ዓይን ነው። ጆሮዬ ደህና ነው። ዓይኔ ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ እየከዳኝ መጥቶ፣ በመጨረሻ ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ታክሜ ስለዳንሁ፣ የሆነውን ሁሉ ሳልረሳው በጽሑፍ ላኖረው ወደድሁ።

ወደ ሕክምና የገፋኝ የራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ጥቅምት ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ከሐማሬሳ መጥተው፣ የባላቸው ወንድም ቤታቸውን ይዞ አልለቅም እንዳላቸው ነገሩኝና አቤቱታቸውን ጻፍሁላቸው። ረቂቁን በእጄ ጽፌ ኮምፒውተር ላይ ለምትተይብልኝ ልጅ ሰጠሁ፤ ታትሞ ሲመጣ እንደ ልማዴ አነበብሁት፤ እሳቸውም ፈርመው ሄዱ። በማግስቱ ተመልሰው መጡ። መዝገብ ቤቱ «የማን ቤት ነው?» ብሎ መልሷቸዋል። ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ተጠግቼ ባነበውም ምንም ስሕተት አላየሁበትም። በኋላ ተያቢዋ ልጅ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ፣ «ጋሼ፣ ‹ቤቱን ይዞብኛል› ነው እኮ የሚለው» አለችኝ። «ቤቴን» መሆን ነበረበት። ካዕቧ «ቱ» ከጎኗ አጭር መስመር ታወጣለች፤ ኃምሷ «ቴ» ደግሞ ከእግሯ ሥር ትንሽ ቀለበት ይዛለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ብቻ ነው። እኔ ግን ያችን ቀለበት ማየት ካቆምሁ ሰንብቻለሁ፤ ለካ የማነበው የተጻፈውን ሳይሆን ይጻፋል ብዬ የምገምተውን ነበር። እኚያ እናት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ ለታክሲ ያወጡትን ልመልስላቸው ብል እንኳ እንቢ አሉ። ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ነገሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያ ማታ ማታ የመኪና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣብኝ ብርሃኑ እንደ ጸጉር እየተበታተነ ያስቸግረኝ ጀመር። ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ ከጥላ ይልቅ የባሰ የማላይ ሆንሁ። ከዚያ ደግሞ ለዓመታት ያለ መነጽር ማንበብ የማልችለው ሰው፣ አንድ ቀን መነጽሬን አውልቄ ጋዜጣ ሳነብ ራሴን አገኘሁት፤ ዓይኔ በራሱ ጊዜ የታደሰ መስሎኝ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር። ይህ ደስታ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የቅርቡም የሩቁም እኩል ጉም ለበሰ። የምገዛው ወረቀትም ጥራቱ እየወረደ፣ ቀለሙ ወደ ሻይነት እየተለወጠ የሄደ መስሎኝ ከወረቀት ሻጩ ጋር ሁለት ጊዜ ተነጋግሬአለሁ። ያን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል፤ ጠይቄዋለሁም።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም፤ የሄድሁበት መንገድ ግን የማይሆን ነበር። አንድ መነጽር ሻጭ ዓይኔን በውል ሳያየኝ፣ «ይህኛው ይሻላል ያኛው?» እያለ ብቻ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት መነጽር ሸጦልኛል። ሁለቱም ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ሌላ የማከብረው ወዳጄ ደግሞ፣ ሞራ ከሆነ ካልበሰለ እንደማይነሳ፣ ያለጊዜው ከተነካ ዓይኑ እንደሚፈስ ነገረኝና፣ እኔም «ይብሰል» እያልሁ ጠበቅሁ። ከሁሉ በላይ ያሰረኝ ግን ፍርሃት ነው። ልጅ ሳለሁ ሐኪሞች ዓይንን አውጥተው፣ በሳሕን ላይ አስቀምጠውና አጥበው ይመልሱታል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ይህ ወሬ ዕድሜዬ 61 እስኪሞላ ድረስ ከውስጤ አልወጣም። አንባቢዬ ሆይ፣ ስንቱ ሰው በዚህ ወሬ ምክንያት ቤቱ ተቀምጦ ብርሃኑን እያጣ እንዳለ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ልጄ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምትኖረው። የአቤቱታውን ነገር በስልክ ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «አባዬ፣ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፤ ሰኞ ውረድ» አለችኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበብ አልደረደርሁም። ኅዳር ወር ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ከሐረር ተነሥቼ በአወዳይና በሐሮማያ በኩል አልፌ ደንገጎን ወረድሁ። ያንን ቁልቁለት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ከታች የድሬዳዋ ሜዳ ወለል ብሎ ይታያል። በዚያ ዕለት ግን የታየኝ ነጭ ጉም ብቻ ነበር፤ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ነው ቁልቁለቱን መጨረሳችንን ያወቅሁት።

ክሊኒኩ «ከዚራ» በሚባለው ሰፈር ይገኛል። ስሙን ያልጻፍሁት ለማስታወቂያ የተላክሁ እንዳይመስል ብዬ ነው እንጂ ስለ ሠራተኞቹ የምናገረውን ሁሉ ከልቤ ነው የምናገረው። በር ላይ የነበረው ጥበቃ ደረጃውን ስዳብስ አይቶ፣ ሦስት ደረጃ እንዳለና ሦስተኛው ከፍ እንደሚል ነግሮኝ ክንዴን ያዘ። ካርድ የምታወጣው ልጅ የምርመራውን ዋጋ አስቀድማ ነገረችን፤ ከዚህ ሌላ የሚጨመር ነገር ቢኖር ሳንጠየቅ እንደማይደረግም ገለጸችልን። እኔ በሥራዬ ላይ ተናግሮ ማስረዳት ያቃታቸው፣ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱ ሰዎች የሚመጡብኝ ሰው ስለሆንሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሰውን በበሩ ላይ እንዴት እንደሚቀበል ማየት ልማዴ ነው። እዚህ የተቀበሉኝ እንደ ተራ ቁጥር ሳይሆን እንደ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ማንበብ ነበር። ነርሷ የድሬ ልጅ መሆኗ ከመጀመሪያ ቃሏ ያስታውቃል፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ እሷም «ጋሼ፣ አቦ ና እዚህ ቁጭ በል» ብላ ወንበሩን ሳበችልኝ። በሰሌዳው ላይ ሦስት ጣት ያላት ሹካ የምትመስል አንዲት ምልክት ብቻ በተለያየ መጠንና አቅጣጫ ተደርድራለች፤ ማንበብ የማይችል ሰውም የጣቶቹን አቅጣጫ በእጁ እያሳየ መመለስ ይችላል። ከ6 ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ በቀኝ ዓይኔ የላይኛዋን ትልቋን እንኳ መለየት አቃተኝ። ነርሷ ቀስ በቀስ እየቀረበች በመጨረሻ ጣቶቿን አንሥታ «ስንት ነው?» አለችኝ። ሦስት ነው አልሁ፤ ልክ ነበርሁ። ጣት እየቆጠርሁ መሆኔ ግን በጣም አስደነገጠኝ። ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ እጄን ነካ አድርጋ፣ «ይኼን ብዙ ሰው ነው ይዞ የሚመጣው፤ ሐኪሟ ትየው፤ ከዚያ በፊት አትፍራ» አለችኝ።

ቀጥሎ የዓይኔ ግፊት ተለካ። ከመለካቷ በፊት ጠብታ እንደምታደርግልኝ፣ ጠብታው ለጥቂት ሰከንድ እንደሚያቃጥልና ከዚያ ዓይኔ እንደሚደነዝዝ ነገረችኝ፤ እንደ ነገረችኝም ሆነ። የቀኙ 14፣ የግራው 16 ነበር። ከ10 እስከ 21 ባለው ውስጥ ከሆነ እንደ ደህና እንደሚታይ፣ ነገር ግን ግላኮማ የሚባለው ሕመም ሳያምና ሳያስታውቅ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ስለሆነ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ግፊቱን ማስለካት እንዳለበት አስረዳችኝ። ይህንን የምጽፈው በተለይ ለእኩዮቼ ነው፤ ሞራ ቢዘገይም ይነሳል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም።

ብሌን የሚከፍተው ጠብታ እስኪሠራ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል በመቆያው ክፍል ተቀመጥን። ከጎኔ ከገጠር የመጡ አንድ ኦሮሞ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ ፊት ለፊቴ ደግሞ አንዲት ሶማሊ እናት ነበሩ። ያችው ነርስ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዞር ቋንቋዋን እንደ ነጠላ ከትከሻ ወደ ትከሻ ታዞረዋለች፤ ለአዛውንቱ በኦሮምኛ፣ ለእናቲቱ በሶማሊኛ፣ ለእኔ በአማርኛ። በፍርድ ቤት ደጃፍ ለአስተርጓሚ እጦት ቀጠሮው የተላለፈበት ሰው ስንት ጊዜ እንዳየሁ ስለማውቅ፣ የአንድ ሰው ሕመም በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ መስማት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ስገባ ተነሥታ ጨበጠችኝ፤ መሣሪያዋን ከመንካቷ በፊት ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ፣ «እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችኝ። ነገርኋት። የመኪናውን መብራት፣ ያለ መነጽር ያነበብሁባቸውን ወራት፣ የወረቀቱን ቀለም፣ የመነጽር ሻጩን፣ በመጨረሻም የ«ቤቱን» እና የ«ቤቴን» ነገር ነገርኋት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የነገርኋትን በራሷ ቃል አሳጥራ መልሳ ነገረችኝና፣ «ልክ ነኝ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ለባለጉዳይ የማደርገውን ለእኔ ሲደረግልኝ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። አቤቱታ ከመጻፌ በፊት ሁልጊዜ ባለጉዳዩን «ያልኸው ይህን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ በዚያች ጥያቄ ላይ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ አገጬን በመሣሪያው ላይ አሳርፌ፣ ግንባሬን አስደግፌ ተቀመጥሁ። ቀጭን የብርሃን ዘንግ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ዓይኔን አቋርጦ አለፈ። ሐኪሟ የምታየውን እያየች ትነግረኛለች፤ ከፊት ያለው መስታወት መሰሉ ክፍል ንጹሕ ነው፤ ከብሌኑ ኋላ ያለው ሌንስ ግን ደፍርሶ ማር መስሏል፤ ሞራ የሚባለው ይኸው ነው፤ የግራውም ጀምሯል፤ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባዩ ክፍል፣ ሬቲና፣ በጉሙ ውስጥ እንደሚታየው ደህና ይመስላል። ሞራው ሲነሳ ምን ያህል እንደማይ በእርግጠኝነት ቃል ልትገባልኝ እንደማትችል፣ ይሁን እንጂ ጥሩ ተስፋ እንዳላት ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ይህ ንግግሯ ከየትኛውም ማጽናኛ በላይ አሳመነኝ፤ በሥራዬ «መቶ በመቶ ትረታለህ» የሚል ሰው ማመን ከተውሁ ቆይቻለሁና።

ያለ መነጽር ያነበብሁበትንም ወራት ያስረዳችኝ እሷ ናት። የዓይን ሌንስ መካከሉ በዕድሜ እየጠጠረ ሲሄድ ብርሃንን የማጠፍ ኃይሉ ስለሚጨምር፣ ዓይኑ ለሩቁ እየደከመ ለቅርቡ ለጊዜው የተሻለ ይመስላል፤ ሞራው እየከበደ ሲሄድ ግን ያም ይጠፋል። መነጽር ሻጩ የሸጠልኝ ሁለት መነጽርም ያልጠቀመኝ በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው የቆሸሸ መስኮት ላይ ሌላ መስታወት መግጠም ነበር። «መብሰሉንስ?» ብዬ ስጠይቃት፣ ያ አባባል ድሮ ቀዶ ሕክምናው በሌላ ዘዴ ይሠራ በነበረበት ዘመን ምክንያት እንደ ነበረው፣ ዛሬ ግን ሰውየው ሥራውን መሥራት ካቃተው መጠበቅ እንደማያስፈልገው፣ እንዲያውም በጣም የጠጠረ ሞራ ለማውጣት የበለጠ እንደሚያስቸግር ነገረችኝ። ዓይን ወጥቶ ይታጠባል የሚለውንም ፈራ ተባ እያልሁ ጠየቅኋት። በቁም ነገር ነው የመለሰችልኝ፤ ዓይን ከቦታው ፈጽሞ እንደማይነቃነቅ፣ በዓይኑ ጠርዝ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን መግቢያ ተከፍታ የደፈረሰው ሌንስ በዚያች በኩል እንደሚወጣ፣ በምትኩም ሰው ሠራሽ ሌንስ እንደሚገባ ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝ። ያንን ወረቀት ለምኛት ወስጃለሁ፤ አሁን ክፍሌ ግድግዳ ላይ ነው።

ሰው ሠራሹ ሌንስ ከምን እንደሚሠራና ዓይን እንዴት እንደሚቀበለው ስጠይቃት የነገረችኝ ታሪክ እስካሁን ይደንቀኛል። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን አብራሪዎችን ሲያክም፣ የአውሮፕላኑ መስኮት ሲሰበር ዓይናቸው ውስጥ የገባው የፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ እንደሚቆይ ያስተውላል። ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ዓይን ውስጥ አኖረ። ከመከራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያስተዋለ ሰው፣ ስሙ በእኛም አገር በክብር መነሣት ያለበት ይመስለኛል። ዛሬ የሚገባው ሌንስ ዋናው ክፍል ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል።

በኋላ ልጄ ፈልጋ እንዳነበበችልኝ፣ በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ የሚሆነው ብርሃኑን ያጣ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃው የዓይን ሞራ ነው። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። እንደ እኔ ሊመለስ የሚችል ብርሃን ያላቸው፣ ነገር ግን መንገዱ፣ ገንዘቡ ወይም ወሬው ያስቀራቸው ሰዎች ናቸው።

በሁለተኛው ቀጠሮዬ ልኬት ተወሰደ። የሚገባው ሌንስ ለእያንዳንዱ ሰው የሚመረጠው የዓይኑን ርዝመትና የፊቱን ጉብጠት በመለካት መሆኑን የማላውቅ ሰው ነበርሁ፤ ሌንስ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ይለካኝ የነበረው ወጣት ደጋግሞ ሲለካ አይቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት መነጽርን ሁለት ሦስት ቁጥር ሊያዛባ እንደሚችል፣ ስለዚህም ውጤቱ አንድ ሆኖ እስኪመጣ ድረስ እንደማይለቀኝ ነገረኝ። ስለ አንዲት ቀለበት ቤት የሚያጣ ሰው እንዳለ የማውቅ እኔ፣ ይህን ልጅ ወደድሁት። የደም ግፊቴና ስኳሬም በዚያው ቀን ተመርምሮ ደህና ሆነ፤ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ሌንሱንና ጠብታውን ጨምሮ በወረቀት ተጽፎ ተሰጠኝ፤ እስከ መጨረሻውም አንድ ብር አልተጨመረበትም።

ቀዶ ሕክምናው ታኅሣሥ 8 ቀን ጠዋት ነበር። ልጄ ጠዋት ፊቴን በሳሙና አሳጠበችኝ፤ ጸጉሬ በኮፍያ ተሸፈነ፤ ከሚታከመው ዓይን በላይ ግንባሬ ላይ ምልክት ተደረገ፤ ስሜንና የትኛው ዓይን እንደሚሠራ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ጠየቁኝ። ሦስተኛዋ፣ መጠየቁ አሰልችቶኝ እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ «እኔም የባለጉዳይ ስም ሦስት ጊዜ ነው የማረጋግጠው» አልኋት። ማደንዘዣው ከዓይን ሥር በመርፌ ነው የሚሰጠው፤ አልዋሽም፣ የፈራሁት እሱን ነበር። ሐኪሟ «አሁን ትንሽ ይወጋል፤ ከዚያ ግፊት ይሰማዎታል» አለችኝ፤ ያለችው ሆነ፤ ከዚያ በላይ ምንም አልሆነም።

በአልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ፊቴ ሲሸፈን ልቤ መምታት ጀመረ። ያኔ አንድ እጅ ከጨርቁ ሥር መጥቶ እጄን ያዘ። የድሬዋ ነርስ ናት። «ጋሼ፣ እንዳትነቃነቅ፤ ሳል ከመጣብህ ወይ የሆነ ነገር ከከበደህ እጄን ጨብጥ፤ እኛ እናቆማለን» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሚገባ አስታውሳለሁ፤ ሕመም የለም፤ ከላይ ብርሃን አለ፤ ብርሃኑ ውስጥ ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ጉንጬ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይወርዳል፤ አንድ መሣሪያ የልቤን ምት እየተከተለ ጢው ጢው ይላል። ሐኪሟ የደረሰችበትን ሁሉ በዝግታ ትነግረኛለች። «አሁን ሞራው ወጣ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «አሁን አዲሱን ሌንስ አስገባሁ» አለች። መግቢያዋ በራሷ የምትዘጋ ስለሆነች ስፌት አላስፈለጋትም። ዓይኔ ታሽጎ ስነሣ ከ20 ደቂቃ ብዙም አልበለጠም ነበር። የነርሷን እጅ ግን ሳላውቀው ሙሉ ጊዜ ጨብጬ ኖሯል፤ ይቅርታ ስጠይቃት፣ «የኔ አባት እንዲሁ ነበር የጨበጠኝ፤ አቦ ተወው» አለችኝ።

ሌሊቱን ልጄ ቤት ሳቢያን አደርሁ። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፋሻው ተፈታ። ነርሷ ዓይኔን በጥንቃቄ አጸዳችና ቀስ ብዬ እንድገልጥ ነገረችኝ። በመጀመሪያ የታየኝ ነጭ ነገር ነው፤ ጋውኗ። እንዲህ ያለ ነጭ ካየሁ ስንት ዘመን ሆኖኛል! ከዚያ በደረቷ ኪስ ላይ የተሰካው እስክሪብቶ፣ ሰማያዊ ነው፤ የእስክሪብቶው ሰማያዊነት ብቻውን አስለቀሰኝ። ለካ የዓይን ሞራ ሰማያዊውን ቀለም አጣርቶ የሚያስቀር ቢጫ መጋረጃ ኖሯል። ሰሌዳው ፊት ስቀመጥ ትልቋን አልፌ፣ ሁለተኛውን አልፌ፣ እየወረድሁ ሄድሁ፤ እጄን እያዞርሁ አቅጣጫውን ሳሳያት ነርሷ እያጨበጨበች ትከተለኛለች። ከዚያ ልጄን ዞሬ አየኋት። ከግንባሯ ዳር ሁለት ሦስት ሽበት አብቅላለች። ይህንን ሳላውቅ ስንት ጊዜ አብረን ቡና ጠጥተናል። ምንም አላልኋትም፤ እሷ ግን የማየው ገብቷት በእጇ ጸጉሯን ሸፈን አደረገችና ሳቀች፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ነርሷ «ዓይን ማሸት ክልክል ነው፤ እንባውን በዚህ ጥረጉ» ብላ ንጹሕ ጋዝ ሰጠችን።

ስንወጣ ጥቁር መነጽር አድርጌ በከዚራ ጎዳና ላይ ትንሽ በእግር ሄድን። በሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ ብለው የሚጠሩት ዛፍ ከላዬ ነበር፤ ወቅቱ የአበባው ጊዜ አይደለም፤ ቅጠሉ ግን እንደ ላባ የደቀቀ መሆኑን፣ እያንዳንዷ ቅንጣትም ለብቻዋ እንደምትነቃነቅ አየሁ። ለብዙ ዓመት ለእኔ ዛፍ ማለት አረንጓዴ ክምር ነበር።

ከመሰናበታችን በፊት የተሰጠን ምክር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የሕክምናው ግማሽ እሱ ነው። ጠብታው በየስንት ሰዓቱ እንደሚደረግ ልጄ ራሷ አድርጋ እስክታሳያቸው ድረስ አልለቀቋትም፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይኔን እንዳይነካ፣ እጇን አስቀድማ እንድትታጠብ አስጠነቀቋት። ዓይኔን እንዳላሽ፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ፣ ጎንበስ እንዳልል ነገሩኝ። በመቆያው ክፍል ያገኘኋቸው ኦሮሞ አዛውንት በዚያው ቀን ታክመው ነበርና፣ ነርሷ ሶላታቸውን ለጊዜው ተቀምጠው እንዲሰግዱ በኦሮምኛ ስታስረዳቸው ሰማሁ። ወደ እኔ ዞራም፣ «ጋሼ፣ ላንተም ስግደት የለም፤ ቆመህ ጸልይ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ነበረብኝ፤ የታኅሣሥ 19 በዓል ቀርቧል፤ መሄድ እችል እንደሆነ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ነገሩን አላቃለለችብኝም፤ አቧራውና ግፊያው ለተቆረጠ ዓይን አደገኛ መሆኑን ካስረዳችኝ በኋላ፣ «ሐምሌ 19 ደግሞ አለልዎት፤ ያኔ በሁለት ዓይንዎ ያዩታል» አለችኝ። ጠበሉን መጠጣት እንደምችል፣ እሷ እስክትፈቅድልኝ ድረስ ግን ማንኛውም ውኃ ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ ነገረችኝ። እምነቴን ሳይነካ ዓይኔን የጠበቀ ምክር ስለሆነ ያለ አንዳች ቅሬታ ፈጸምሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ከክሊኒኩ ስልክ ተደውሎ ሕመም፣ መቅላት ወይም የብርሃን መቀነስ እንዳለ ተጠይቄአለሁ፤ አንዱም አልነበረም።

ጥር አጋማሽ ላይ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ለንባብ የሚሆን መነጽር በልኬት ተሠርቶልኛል፤ ይህኛው በእርግጥ ያነባል። መጀመሪያ ያወጣሁት የእኚያን የሐማሬሳ እናት መዝገብ ነው። የተስተካከለውን አቤቱታ ያኔ ተያቢዋ ልጅ አንብባልኝ ነበር የላክሁት፤ አሁን ግን ቅጂውን ራሴ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብሁት። «ቤቴን» የሚለው ቃል በአራት ቦታ ይገኛል፤ አራቱም ላይ ቀለበቷ ከእግሯ ሥር አለች።

አልፎ አልፎ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ከድኜ ወረቀቱን በግራው አየዋለሁ፤ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ከዚያ ግራውን ከድኜ በቀኙ አየዋለሁ፤ ነጭ ነው። የግራው ቀጠሮ መጋቢት 3 ነው። በዚህኛው ጉዞ ደንገጎ ላይ ሾፌሩን በመስኮት በኩል አስቀምጠኝ ብዬ እለምነዋለሁ።